የኖራ ደብዳቤና የገና ዱላ

"ደብዳቤ አለ?" አለ ካሣሁን፣ ወደ ፖስታ ቤቱ መስኮት ጎንበስ ብሎ።

"የለም" አለች የሺዓለም። ቀና ብላም አላየችው።

ደብዳቤው ደረቷ ውስጥ ነበር። ከማተቧ ዝቅ ብሎ፣ ከሹራቧ ሥር፣ በመሃረብ ተጠቅልሎ ዛሬ አስር ቀን ሞላው። ወረቀት አይመስላትም፤ ፍም ነው የሚመስላት።

"እስቲ በደንብ እይልኝ፣ የሺዬ።"

"አየሁ አልኩህ እኮ! ቀጥሎ!"

ካሣሁን ወዲያው አልሄደም። ሁለት እጁን ባንኮኒው ላይ ጥሎ ቆመ። የአናጢ እጅ ነው፤ ሰፊ፣ ጠባሳ የበዛበት፣ ከጥፍሩ ሥር ሙጫ የማይጠፋው። የሺዓለም ያንን እጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትወደው ኖራለች። ዛሬ ግን ያየችው ሌላ ነገር ነው፤ ጣቶቹ የባንኮኒውን ጠርዝ ይቆነጥራሉ። ለምን? ንጹሕ ሰው ደብዳቤ ቀረብኝ ብሎ እንዲህ ይጨነቃል?

"እሺ በቃ" አለና ወጣ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ ቀኝና ግራውን አየ፤ ልክ ሌባ እንደሚያየው።

"ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር" አለች ከሪማ ከጎኗ፣ ቴምብር እያራሰች። ከሪማ የራስ መኮንን ድልድይ ልጅ ናት፣ የካሣሁን ጎረቤት። አፏ ምላጭ፣ ሆዷ ቅቤ። "አንቺን ልበል እሱን ልበል እኔም አላወቅኩም እንጂ፣ ከሁለት አንዳችሁ አንድ ነገር ደብቃችኋል።"

"ሥራሽን ሥሪ" አለቻት የሺዓለም።

ነገሩ የጀመረው መስከረም ላይ ነው። አየርላንድ ከሚባል አገር፣ የበገና መሣሪያ ሥዕል ያለበት ቴምብር የተለጠፈበት ደብዳቤ ለካሣሁን መጣ። ላኪዋ ኖራ ትባላለች። የሺዓለም በገዛ እጇ ሰጠችው። እሱም ሳይከፍት ኪሱ ከተተና "ተባረኪ" ብሎ ሄደ። ኅዳር ላይ ሁለተኛው መጣ። አሁንም ኪሱ ከተተ፣ አሁንም ዝም አለ። ሁለት ዓመት የልቡን ሲያጫውታት የኖረ ሰው፣ ስለ ኖራ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ታኅሣሥ አስራ ሁለት ቀን ሦስተኛው ደረሰ። ይኼኛው ወፈር ያለ ነው፤ ውስጡ ጠንከር ያለ ነገር አለ። አምስት ዓመት ደብዳቤ ሲዳስስ የኖረ አውራ ጣት ፎቶግራፍ አይስትም። የሺዓለም ግራና ቀኝ አየችና ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

የሴት ፎቶግራፍ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? በዚያ ጊዜ ከፒያሳ ልጆች ስንቱ በሱዳን በኩል፣ ስንቱ በጅቡቲ በኩል ወጥቶ ቀርቷል። ዘመኑ ራሱ መጠርጠር ያስተምር ነበር። ሰው ከገዛ ወንድሙ ጋር ሲያወራ እንኳ መጀመሪያ መስኮት ነበር የሚዘጋው። እንግዲህ ይቺ ኖራ ትጠራዋለች፤ እሱ ይሄዳል፤ የሺዓለም ያቺው መስኮት ላይ ተቀምጣ የሰው ደብዳቤ ስታድል ታረጃለች።

አንድ ጊዜ ደረቷን ዳሰሰች። ደብዳቤው አለ። ልቧም ከሥሩ ይመታል። የትኛው የትኛውን እንደሚያቃጥለው ለይታ ማወቅ አቃታት።

ማምሻውን ከሥራ ስትወጣ እግሯ ወደ ቤቷ አልወሰዳትም። ቁልቁል ወደ ድልድዩ ይዟት ወረደ።

የካሣሁን ሱቅ ከወንዙ ዳር ናት፤ ቆርቆሮዋ የዘመመ፣ ሳንቃዋ የተሰነጠቀ። የሺዓለም ማንኳኳት ሲገባት፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ በስንጥቁ አጮልቃ አየች።

ካሣሁን ብቻውን ነው። ጉልበቱ ላይ አንድ ዱላ አስተኝቷል። የገና ዱላ ስታውቅ ኖራለች፤ ጫፉ ቆልመም ያለ፣ ክብ። ይኼ ግን እንደዚያ አይደለም። ጫፉ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፣ እንደ ትልቅ ማማሰያ። እንጨቱም ነጣ ያለ፣ ያገር ውስጥ የማይመስል ነው። ካሣሁን የተሰነጠቀውን ጫፍ በስስ ቆርቆሮ እየጠቀለለ፣ በትንንሽ ምስማር ቀስ እያለ ይመታል። በየመሀሉ ዱላውን በመዳፉ ያሻሸዋል፤ ልክ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚዳሰሰው።

በሩን ገፋችው። ካሣሁን ደንግጦ ዱላውን ከጀርባው ደበቀ።

"አንቺ ነሽ እንዴ? ሌላ ሰው መስለሺኝ።"

"ሌላ ሰው ማን?"

"ማንም።"

"ያ ምንድን ነው?"

"ዱላ ነው። ለገና።"

"የማን?"

"የሰው።"

"የኖራ ነው?"

ፊቱ ባንድ ጊዜ አመድ መሰለ። "ስሟን የት አየሽው?"

"ፖስታው ላይ ተጽፎ የለ! እኔ አይደለሁ የምሰጥህ? ዓይን የለኝም?" ድምጿ ተሰበረ። "ማናት፣ ካሣሁን? ለእኔ የማትነገር ምን ብትሆን ነው?"

ካሣሁን ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አሁን አልነግርሽም" አለ። "ስለማላምንሽ አይደለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው ያለሽው። አንድ ቀን ጠርተው ቢጠይቁሽ፣ 'አላውቅም' እንድትይ ነው የምፈልገው። እውነትሽን እንድትይው። ባንቺ አፍ ውሸት አላስገባም።"

የሺዓለም ነጠላዋን ደረቷ ላይ ሰብሰብ አደረገች። በሷ አፍ ውሸት ከገባ አስር ቀኑ ነው።

"ሦስተኛ ደብዳቤ ነበር የምጠብቀው" አለ። "እስካሁን ካልመጣ ተይዟል ማለት ነው። አንድ ቢሮ ውስጥ አንዱ ሰውዬ ቁጭ ብሎ እያነበበው ነው ማለት ነው። የሺዬ፣ እስኪለይለት ድረስ እዚህ አትምጪ።"

"መሄድህ ነው?"

"የት ነው የምሄደው?"

"እኔ ልንገርህ የት እንደምትሄድ?"

ሁለቱም ተፋጠጡ። ደብዳቤውን አውጥታ ፊቱ ላይ ብትወረውርለት እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ቅናት እንዲህ ነው፤ ሰው ያገኘውን አይለቅም፣ የያዘውንም አያይም። ሽቅብ ወደ አፍንጮ በር ስትወጣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። የተቆጣችው በሱ ነው ወይስ በራሷ? አልለየላትም።

ቤት ስትደርስ አባቷ አቶ ወልደገብርኤል በረንዳ ላይ ተቀምጠው የገና ዱላቸውን ቅባት ይቀባሉ። ፒያሳ የነበራቸው ሦስት ቤት በአዋጅ ተወስዷል። ኩራታቸውን ግን የወሰደው አዋጅ የለም። አርባ ዓመት የአፍንጮ በርን ወገን ጃንሜዳ ላይ የመሩ ሰው ናቸው።

"ዘንድሮም ቀበሌ ጨዋታውን ፈቅዷል" አሏት። "የድልድይ ልጆችን እንደ አህያ ነው የምንነዳቸው። ያ ቀይ ፈረንጅ ካልመጣ።"

"የቱ ፈረንጅ፣ አባባ?"

"የቱ ትያለሽ? አምና እዚህ የመታኝ ነዋ!" ቅንድባቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አሳዩዋት። "ፈረንጅ በገና ምን አገባው? ሜዳውን ሊለካ ነው የመጣው። ሰላይ ነው! ይዞት የመጣው ደግሞ ማን መሰለሽ? ያ እንጨት ጠራቢ፣ ካሣሁን የሚሉት። የእኛን ደጅ የሚያጠና ሰው ከሰላይ ጋር አይውልም። ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ።"

"ስሙን እዚህ ቤት እንዳልሰማ።"

ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ እናቷ፣ ከወጥ ቤት ሆነው "ኧረ በጾም አፍ!" አሉ። አቶ ወልደገብርኤል ግን ዱላቸውን ማሸት ቀጠሉ። የሺዓለም የአባቷን ጠባሳ አየች፣ የካሣሁን ጠፍጣፋ ዱላ ትዝ አላት፣ ኖራን አሰበች። ሁሉም ነገር አንድ ላይ ተገጣጠመና ጨለማ ሆኖ ታያት።

የገና ዕለት ጠዋት ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሰው ሞልቶ ግቢው ነጭ በነጭ ሆኗል። የሺዓለም ግን ወደ ውስጥ መዝለቅ አልቻለችም። ቅጽር በሩን ተሳልማ ውጪ ቆመች። የሰው አደራ በደረት ይዞ በምን አፍ "እንኳን ተወለድክ" ይባላል? ጌታ በበረት ሲወለድ እረኞች ምሥራች ይዘው ሮጡ እንጂ፣ ምሥራቹን ደረታቸው ውስጥ አልደበቁም።

አስራ ሰባት ቀን ሆነ። "ወይ ልቅደደው፣ ወይ ልክፈተው" አለች። የአጥሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ከፈተችው። ኃጢአት በኃጢአት ላይ መሆኑን ታውቃለች። እጇ ግን አልሰማትም።

እንግሊዝኛዋ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ቀስ እያለች፣ አንዳንዱን ቃል ደግማ ደጋግማ አነበበችው፦

"የተወደድክ ካሣሁን፣

ዴክላን ከሞተ ስምንተኛ ወሩ ነው። በወሎ ለተራቡ ሰዎች ጉድጓድ ሲቆፍር በታይፈስ እንደሞተ ነገሩኝ። ዕቃው ሲመጣልኝ በመሀሉ አንድ የተቆለመመ ዱላ አገኘሁ። ያንተ መሆኑን የተረዳሁት ከመጀመሪያው ደብዳቤህ ነው። የእሱ ደግሞ አንተ ጋ መኖሩን ጽፈህልኛል። እባክህ አትመልሰው። ተጫወትበት።

በእኛ አገር በኪልኬኒ ልጅ መራመድ ሲጀምር ዱላ ይሰጠዋል። ጨዋታችንን ሐርሊንግ እንለዋለን። ደብር ከደብር ይጋጠማል፤ አባት ለየትኛው ደብር ከተጫወተ ልጅም ለዚያው ነው። ተጫዋች ሲሞት ዱላውን የሬሳ ሣጥኑ ላይ እናደርግለታለን። የልጄ ዱላ እኔ ጋ አልነበረም፤ ያንተን አደረግንለት። ልቀብረው ግን አልሆነልኝም፣ አነሣሁት። አሁን ከቤቴ በር ኋላ ተሰቅሏል።

ፎቶግራፉን ካሜራው ውስጥ አገኘሁት። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። በዚያ ቀን ምን አደረገ? ከማን ጋር ተጫወተ? ሳቀ? ፖስተኛው በመጣ ቁጥር እየወጣሁ በር ላይ እቆማለሁ። ስላንተ የጻፈው ብዙ ነው። ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

እናቱ፣ ኖራ።"

የሺዓለም ፎቶግራፉን አወጣች። የሴት አይደለም። ካሣሁንና አንድ ፀጉሩ ቀይ የሆነ ልጅ ጃንሜዳ ላይ ተቃቅፈው ይስቃሉ፤ አንዱ የሌላውን ዱላ ይዞ። ከኋላቸው ደግሞ አንድ ሰውዬ ነጠላቸውን ቅንድባቸው ላይ ጭነው ቆመዋል። ነጠላው ደም ነክቶታል። አባቷ ናቸው። እሳቸውም ይስቃሉ! ጥርሳቸው ሁሉ እስኪታይ ይስቃሉ።

ያቺ እናት በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ ታየቻት። ፖስተኛው ባዶ እጁን ሲያልፍ። አስራ ሰባት ቀን። የሺዓለም ነጠላዋን አፏ ላይ ጎስጉሳ አለቀሰች፤ በቅናት ካለቀሰችው በላይ ለማታውቃት እናት አለቀሰች።

ከሰዓት በኋላ ጃንሜዳ ስትደርስ ጨዋታው ተጋግሏል። ወንድ ሁሉ ሜዳ ውስጥ ነው፤ አቧራው ሰማይ ይነካል። ካሣሁን ዘንድ ልትደርስ አልቻለችም። ከሩቅ አየችው፤ በዚያ በጠፍጣፋው ዱላ እንጨቷን ኳስ፣ ጥንጓን፣ ከመሬት አንሥቶ በአየር ሲለጋት። "የማማሰያ ጨዋታ ነው!" ብለው አቶ ወልደገብርኤል ጮኹ። ማማሰያው ግን ጥንጓን ድንበር አሻግሮ ጣላት። የድልድይ ልጆች አሸነፉ።

እንግዲህ ልማዱ የታወቀ ነው። ያሸነፈ ወገን ተሸናፊውን ወገን ወደሚመራው አባት ደጅ ይወጣል። ይዘፍናል፣ ይሳደባል፣ ጠላ ይጠጣል፣ ድፎ ይበላል። የተሰደበውም አይቀየምም። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ይባላል።

"አሁን ጌታ የለም፣ ጓድ ነው ያለው" አለች ከሪማ፣ ከሰፈሯ ልጆች ጋር ሽቅብ እየወጣች። "ጓድ ደግሞ ይቆጣል። ቀስ በሉ!"

የአቶ ወልደገብርኤል በር ላይ ሲደርሱ ዱላቸውን መሬት እየመቱ ጀመሩ፦

"አፍንጮ በር ላይ ቤቱን የሠራው፣
ዘንድሮም አምና ጥንግ የሚፈራው!"

አቶ ወልደገብርኤል በረንዳው ላይ ቆመው ጥርሳቸውን ነክሰዋል። ልማድ ነውና ዝም አሉ። ካሣሁንን ከመሀል ሲያዩት ግን ፊታቸው ጠቆረ። የእሱ ተራ ደረሰ። ሳቁ የለም፤ ዓይኑ ጎድጉዷል። እንዲህ አለ፦

"ፖስታ ቤት ቆሜ እግሬ ነደደ፣
የለም በሚል ቃል ሆዴ ታረደ።"

ጓደኞቹ ሳቁ፤ የፍቅር ስንኝ መስሏቸው። የሺዓለምን ግን እንደ ጦር ወጋት። ሴት ልጅ በገና ዘፈን መሀል አትገባም። እሷ ገባች። የወንዶቹን ክብ ሰንጥቃ ፊቱ ቆመች።

"ጠይቀኝ" አለችው።

"ምን?"

"መስኮቱ ላይ የምትጠይቀኝን።"

ካሣሁን ግራ ገባው። አንዴ አባቷን፣ አንዴ እሷን አየ። "ደብዳቤ አለ?"

"አለ።" ከደረቷ አወጣችው። "አለ፣ ካሣሁን። አስራ ሰባት ቀን ነበረ። ማንም አልያዘብህም። እኔ ነኝ የያዝኩብህ። ኖራ ፍቅረኛህ መስላኝ ነው። ዛሬ ደግሞ ከፍቼ አነበብኩት።"

ከሪማ እንኳ አፏን ያዘች።

ካሣሁን ደብዳቤውን ተቀበለ። አላነበበውም። "አስራ ሰባት ቀን" አለ ቀስ ብሎ። "ሊወስዱኝ ይመጣሉ ብዬ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምተኛው። ታውቂያለሽ?"

"አላወቅኩም ነበር።"

"ሰባራ ሳንቃ ነፋስ ሲመታው ብድግ እላለሁ። ለራሴ አልነበረም። አንቺንም ይጠይቁሻል ብዬ ነው።"

ብትሰደብ ቀለል ይላት ነበር። ሲያያት ብቻ ቆየ፤ እንደማያውቃት ሰው። ሁለት ዓመት የሠራችውን በአስራ ሰባት ቀን እንዳፈረሰችው ገባት።

"ምንድን ነው የምትሉት?" አሉ አቶ ወልደገብርኤል ከበረንዳው ወርደው። "የፈረንጅ ደብዳቤ በእኔ ደጅ? በሰው ፊት?"

የሺዓለም ዞረች። "ዛሬ ጌታ አይቆጣም፣ አባባ። የርስዎ ወግ ነው። ይኸው፣ ይዩት።" ፎቶግራፉን ሰጠቻቸው።

ከዓይናቸው አራቁት፤ አቀረቡት። ቀዩን ልጅ አዩ። ከኋላው የሚስቀውንም ሽማግሌ አዩ።

"እሱ ነው" አሉ። "የመታኝ እሱ ነው።"

"ሞቷል፣ አባባ። ወሎ ላይ። ለረሃብተኛ ውሃ ሲቆፍር። እናቱ፣ 'ልጄ በዚያ ቀን ሳቀ ወይ' ብላ ነው የምትጠይቀው።"

"እናት አለችው?" አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ ከበሩ። ወዲያው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ፤ ለማያውቁት የሰው ልጅ፣ በገና ቀን።

አቶ ወልደገብርኤል ያንን ጠፍጣፋ ዱላ ከካሣሁን እጅ ወሰዱ። የተጠገነውን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ሳያስቡት እጃቸው ወደ ቅንድባቸው ሄደ።

"ሮጦ መጥቶ ደሙን በገዛ ሸሚዙ ነበር የጠረገልኝ" አሉ። ድምፃቸው ሽማግሌ ሆነ። "ሳቅኩ። አዎ፣ ስቄያለሁ። በኋላ ቀበሌ ላይ ስለ ፈረንጅ ሲወራ ፈራሁና 'ሰላይ ነው' አልኩ። ዓመት ሙሉ ልጁን በሌለበት ሰደብኩት።" ፎቶግራፉን ለየሺዓለም መለሱላት። "ጻፊላት። ልጅሽ ስቋል በያት። እኛም ስቀናል። ልጅሽ የመታው ሽማግሌ አልተቀየመም፣ ጠባሳውም አለው፣ አይጠፋም በያት።"

የሺዓለም ግን ካሣሁንን ነበር የምታየው። "እኔ ልጻፍ?" አለችው። "ትፈቅድልኛለህ?"

ካሣሁን ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

"ተቆጥቻለሁ" አለ በመጨረሻ። "በጣም ተቆጥቻለሁ፣ የሺዬ። ግን ነገ ነው የምቆጣው። ዛሬ ገና ነው።"

"ታዲያ ግቡ እንጂ!" አሉ አቶ ወልደገብርኤል። "ጠላው ይቅረብ። ጥሩነሽ፣ ለዚህ ልጅ የእግር ውሃ አሙቂለት። እንግዳ ነው።" በዚያ ቤት የእግር ውሃ የሚቀርበው ለአማች እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከሪማ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ የወይዘሮ ጥሩነሽን የተዘቀዘቀ ነጠላ አይታ መለሰችው።

የሺዓለም ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥታ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠች። "ውድ እናቴ ኖራ" ብላ ጻፈች። ቀጥላ ምን እንደምትል ስታስብ ቀና አለች።

ካሣሁን በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጧል። የሙቅ ውሃው ሳፋ ከፊቱ ነው። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታ። አንዱን አወለቀ። ሁለተኛውንም አወለቀ። ከዚያ አስራ ሰባት ቀን የታሰረ እግሩን ውሃው ውስጥ ሲያገባ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

የሺዓለም ያንን ትንፋሽ ከመስኮቱ ሥር ሰማችው። ደረቷን ዳሰሰች። አሁን እዚያ ማተቧ ብቻ ነበረ።